ለኦንላይን የጉዞ ፈቃድ የሚሆን ጉርድ ፎቶ፦ የቱ መንገድ ያዋጣል?

ለብሪታንያ ወይም ለአውስትራሊያ የጉዞ ፈቃድ፣ ለህንድ ኢ-ቪዛ ወይም ለሌላ ተመሳሳይ ፈቃድ በኦንላይን የሚያመለክት ሰው ጉርድ ፎቶውን የሚያዘጋጅባቸው አራት መንገዶች አሉ። በራሱ ስልክ የኋላ ካሜራ ሌላ ሰው ያነሳዋል፤ የአገሩን ኦፊሴላዊ መተግበሪያ ከፍቶ እዚያው ይነሳል፤ ፎቶ ቤት ሄዶ ፋይሉን ይቀበላል፤ አለዚያም ሴልፊውን ወስዶ «ለቪዛ የሚሆን» ፎቶ አድርጎ ለሚመልስ መተግበሪያ ይከፍላል። አራቱን ጎን ለጎን ሲያዩዋቸው ደረጃቸው ግልጽ ነው፦ አንደኛ የስልኩ የኋላ ካሜራ፣ ሁለተኛ ኦፊሴላዊው መተግበሪያ፣ ሦስተኛ ፎቶ ቤት፣ መጨረሻ የክፍያ መተግበሪያው። ለዚህ ደረጃ ዋናው ምክንያት ብርሃንና ርቀት ነው፤ ፎቶ ቤትን ብቻ ወደ ኋላ የጎተተው ፎቶ የማሳመር ልማዱ ነው። ፎቶን ውድቅ የሚያስደርጉት ትልልቆቹ ጉድለቶች የሚመጡት ከእነዚህ ሁለቱ ሲሆን፣ ሁለቱም ፎቶው ሲነሳ ያልቃሉ፤ በኋላ በሶፍትዌር አይጠገኑም።

ከመጨረሻው እንጀምር። የክፍያ መተግበሪያዎቹ የሚሠሩት ሥራ ሦስት ነው፦ ፊቱን ፈልገው በተፈለገው ልክ ይቆርጣሉ፣ ከጀርባ ያለውን አጥፍተው ነጭ ያደርጋሉ፣ ፊቱን ያፈካሉ። ከሦስቱ ጥቅም ያለው መቁረጡ ብቻ ነው፤ እሱን ደግሞ ማንኛውም ስልክ ውስጥ ያለው የፎቶ ማስተካከያ በነጻ ይሠራዋል። ጀርባውን ማጥፋቱ ግን ጉዳት አለው። ሶፍትዌሩ ፀጉርን ከግድግዳ ሲለይ የፀጉሩን ጫፍ፣ የጆሮውን ጠርዝና የትከሻውን መስመር ይበላል፤ ጸጉረ ጥቅጥቅ ወይም ሹሩባ የተሠራ ሰው ላይ በጣም ይታወቃል። ያልተቆረጠው ቦታ ላይ ደግሞ ፊቱን የከበበ ግራጫ ክር የመሰለ ጠርዝ ይቀራል። ከዚያም በላይ የብሪታንያ የፓስፖርት ፎቶ መመሪያ በኮምፒውተር ሶፍትዌር ያልተለወጠ ፎቶ ነው የሚጠይቀው፤ የአሜሪካም መመሪያ መልክን በሶፍትዌር፣ በፊልተር ወይም በሰው ሠራሽ አስተውሎት መለወጥን ይከለክላል። ስለዚህ ገንዘብ የተከፈለበት ነጭ ጀርባ ራሱ የውድቅ ምክንያት ሊሆን ይችላል።

«ካልተቀበሉት ገንዘብዎን እንመልሳለን» የሚለው ቃል ኪዳንም ብዙ አያጽናናም። የሚመለሰው የፎቶው ዋጋ ነው፤ በማመልከቻው ላይ የባከነው ጊዜ አይመለስም። የፊትን ምስል፣ አንዳንዴም የፓስፖርት ቁጥርን፣ የት እንደሚያስቀምጠው ለማይታወቅ ድርጅት መስጠቱም ቀላል ነገር አይደለም። እንግዲህ ፎቶው በትክክል ከተነሳ እነዚህ መተግበሪያዎች የሚሠሩት የቀራቸው የለም፤ በትክክል ካልተነሳ ደግሞ ሊያድኑት አይችሉም።

ወደ አንደኛው እንምጣ። ስልክ አስተማማኝ ፎቶ የሚሰጠው በኋላ ካሜራው፣ በሌላ ሰው እጅ ወይም በማቆሚያ ላይ፣ ከተነሺው አንድ ሜትር ተኩል ገደማ ርቆ ሲሠራ ነው። ርቀቱ ለምን እንዲህ ያስፈልጋል? ክንድን ዘርግቶ የሚነሳ ሴልፊ ካሜራውን ከፊቱ በጣም ያቀርበዋል፤ በዚህ ቅርበት አፍንጫ ከጆሮ ይልቅ ለሌንሱ በጣም ስለሚቀርብ ያብጣል፣ ጆሮ ወደ ኋላ ይሸሻል፣ ግንባር ይሰፋል። ይህ የፊቱን ምጣኔ ስለሚያዛባ፣ ፓስፖርቱ ውስጥ በተቀበረው ቺፕ ካለው ፎቶ ጋር ያለው ተመሳሳይነት ይቀንሳል። ርቆ ማንሳት ፊቱን ካሳነሰው መቅረብ መፍትሔ አይሆንም፤ ስልኩ ሁለት እጥፍ የሚያቀርብ ሌንስ ካለው እሱን መምረጥ፣ ከሌለው ደግሞ እንዳለ አንስቶ በኋላ መቁረጥ ነው። የዛሬ ስልኮች ከአንድ ሜትር ተኩል ላይ አንስተው ተቆርጦም የሚተርፍ ፒክስል አላቸው።

ካሜራው በተነሺው ዓይን ትክክል ይሁን። አንሺው ረጅም ተነሺው አጭር ከሆነ ስልኩን ዝቅ ማድረግ ያስፈልጋል፤ ከላይ የተነሳ ፎቶ አገጭን ያሳጥራል፣ ከታች የተነሳ አፍንጫ ቀዳዳን ያሳያል። ከመነሳት በፊት የሚጠፉ ነገሮችም አሉ፦ ፖርትሬት ሞድ፣ የውበት ማስተካከያ፣ ፊልተርና ፍላሽ። በተለይ ፖርትሬት ሞድ ጀርባን ለማደብዘዝ ሲል ጆሮንና ፀጉርን አብሮ ያደበዝዛል። የውበት ማስተካከያው በአንዳንድ ስልኮች ላይ ማንም ሳያበራው በርቶ ስለሚገኝ፣ የካሜራውን ቅንብር ከፍቶ ማየት ይሻላል። ሌንሱንም በንጹሕ ጨርቅ ይጥረጉት፤ የጣት ወዝ ያለበት ሌንስ ፎቶውን ጭጋግ ያለብሰዋል፣ ሶፍትዌሩም «የደበዘዘ» ብሎ ይመልሰዋል።

ብርሃኑ ከፊት ይምጣ። የተሻለው ቦታ ትልቅ መስኮት ፊት ለፊት ነው፤ ተነሺው ወደ መስኮቱ ዞሮ ይቆማል፣ አንሺው ጀርባውን ለመስኮቱ ሰጥቶ ብርሃኑን ሳይከልል ያነሳል። ፀሐይ በቀጥታ የምትገባበት መስኮት አይሆንም፤ የአፍንጫን ጥላ ጉንጭ ላይ ትጥላለች፣ ዓይንንም ታስጨፍናለች። የጣሪያ አምፖል ይጥፋ፤ ከላይ የሚመጣ ብርሃን ዓይን ሥር ጥቁር ጥላ ይፈጥራል፣ ከመስኮቱ ብርሃን ጋር ሲቀላቀል ደግሞ ግማሹን ፊት ቢጫ ያደርጋል። አገጭ ሥር ጥላ ከቀረ ነጭ ወረቀት ወይም ነጭ አንሶላ ደረት አካባቢ ከካሜራው እይታ ውጭ መያዝ ብርሃኑን ወደ ላይ ይመልሰዋል። ከግድግዳው ቢያንስ ግማሽ ሜትር፣ ቢቻል አንድ ሜትር ራቅ ብሎ መቆም የጭንቅላቱ ጥላ ግድግዳው ላይ እንዳይወድቅ ያደርጋል። ብዙ ሰው ግድግዳው ላይ ተለጥፎ የሚቆመው ነገሩ ሥርዓት ያለው ስለሚመስለው ነው፤ ግን በጣም የተለመደው የጥላ ምንጭ እሱ ነው።

አሁን ብዙ መመሪያዎች የማይነግሩትን እንናገር፤ ጠይም ወይም ጥቁር ፊት በነጭ ግድግዳ ፊት። የስልክ ካሜራ የብርሃኑን መጠን የሚወስነው ብዙ ጊዜ የሚያየውን ሁሉ አማካይ አድርጎ ነው። ምስሉን የሞላው ነጭ ግድግዳ ከሆነ ካሜራው «ብርሃኑ በዛ» ብሎ ሁሉንም ያጨልማል፤ ግድግዳው ግራጫ ሲሆን ፊቱ ዝርዝሩን ያጣል። የዓይን ጥቁሩ ከቆዳው ጋር ይቀላቀላል፣ የከንፈር መስመር ይጠፋል፣ ጥቁር ፀጉር አንድ ወጥ ጥላ ይሆናል። መድኃኒቱ ሲነሳ ነው ያለው። በማያ ገጹ ላይ ፊቱን በጣት ተጭነው ይቆዩ፤ ትኩረቱና ብርሃኑ ፊቱ ላይ ይቆለፋሉ። ከዚያ አጠገቡ የምትታየውን የፀሐይ ምልክት ቀስ አድርገው ወደ ላይ ይግፏት። ግንባርና ጉንጭ ላይ የቆዳው መልክ ሲለይ፣ የዓይን ብሌን ከነጩ ሲነጠል፣ ያኔ በቂ ነው። ከዚያ በላይ ከተገፋ ግድግዳው ፈክቶ የፀጉሩን ጠርዝ ይበላል። ግድግዳው በጣም ካልነጣ ሥራው ይቀላል። ብሪታንያ ገርጣ ያለ አንድ ወጥ ጀርባ ስለምትቀበል ክሬም ወይም ፈካ ያለ ግራጫ ይመረጣል፤ አሜሪካ ግን ነጭ ወይም ወደ ነጭ የሚጠጋ ትላለች። የላብና የቅባት ወዝ ግንባር ላይ ነጭ ነጥብ ስለሚፈጥር ፊትን በሶፍት መጥረግ ያስፈልጋል፤ ፍላሽ የማይመከረውም አንዱ ለዚህ ነው።

ይህ የጥንቃቄ ብዛት ያለ ምክንያት አይደለም። ፎቶን የሚመረምሩት ሶፍትዌሮች ለሁሉም ፊት እኩል አይሠሩም። ቢቢሲ እ.ኤ.አ. በ2020 የብሪታንያን የኦንላይን ፓስፖርት ፎቶ መመርመሪያ ፈትኖ፣ ጥቁር ቆዳ ካላቸው ሴቶች ፎቶ 22 በመቶው ጥራቱ ዝቅተኛ እንደተባለ፣ ፈካ ያለ ቆዳ ካላቸው ወንዶች ግን 9 በመቶው ብቻ እንደዚያ እንደተባለ ዘግቧል። የጥቁር ሰው የተዘጋ አፍ «ክፍት ነው» ተብሎ የተመለሰበት አጋጣሚም በዚያው መመርመሪያ ታይቷል። በኒውዚላንድ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2016 የእስያ ዝርያ ያለው አመልካች ዓይኑን ገልጦ የተነሳውን ፎቶ ማሽኑ «ዓይን ተጨፍኗል» ብሎ መልሶታል። ስለዚህ እንዲህ ያለ መልስ የመጣለት ሰው መልኩን ሊጠራጠር አይገባም። ማሽኑ የከንፈሩን መስመር እንዲያየው ብርሃን ጨምሮ ደግሞ መነሳት ይበቃል፤ ከንፈር ላይ የሚያብለጨልጭ ቅባት ካለ መጥረግም ይረዳል።

ስለ አለባበስና ስለ ገጽታ ያለው ሕግ አጭር ነው። ፊት ያልፈገገ፣ አፍ የተዘጋ፣ ዓይን የተገለጠና ወደ ሌንሱ የሚያይ። መነጽር ይውለቅ፤ አሜሪካ ለቪዛ ፎቶ ከእ.ኤ.አ. ኖቬምበር 2016 ጀምሮ መነጽርን ከልክላለች፣ በሌላውም ቦታ የመስተዋቱ ነጸብራቅ ዓይንን ይሸፍናል። በሃይማኖት ምክንያት የሚደረግ የራስ መሸፈኛ ይፈቀዳል፤ ግን ከአገጭ እስከ ግንባር ያለው ፊት መታየት አለበት፣ መሸፈኛውም ፊት ላይ ጥላ መጣል የለበትም። ነጭ መሸፈኛ በነጭ ግድግዳ ፊት ጠርዙ ስለሚጠፋ ቀለም ያለው ይምረጡ። ለልብስም ያው ነው፤ ነጭ ሸሚዝ ከነጭ ግድግዳ ጋር ሲዋሃድ ጭንቅላቱ ብቻውን የተንሳፈፈ ይመስላል።

ሁለተኛው መንገድ፣ ኦፊሴላዊው መተግበሪያ፣ ትልቁ ጥቅሙ የፋይል ጣጣን ማስቀረቱ ነው። የብሪታንያው ኢቲኤ (የኦንላይን የጉዞ ፈቃድ) መተግበሪያ የፓስፖርቱን ገጽ ያነሳል፣ ስልኩን ፓስፖርቱ ላይ በማስጠጋት ቺፑን በኤንኤፍሲ ያነባል፣ ፊቱን ይቃኛል፣ ፎቶ ይወስዳል። የአውስትራሊያውም በተመሳሳይ መንገድ ቺፑን አንብቦ ፊቱን እዚያው ያነሳል። መጠን፣ ቅርጽ፣ ኪሎባይት የሚባል ነገር የለም። እዚህ ላይ ማወቅ የሚገባው የፊት ቅኝቱና ፎቶው ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ነው። ቅኝቱ ስልኩ ፊት ያለው ሕያው ሰው እንጂ የታተመ ፎቶ አለመሆኑን ያረጋግጣል፤ ፎቶው ግን ከማመልከቻው ጋር ይላካል፣ ስለዚህ ከላይ የተባለው ብርሃንና ጀርባ ለእሱም ይሠራል። ደካማ ጎኑ ሰዎች አልጋ ላይ ተኝተው ወይም መኪና ውስጥ ሆነው በአንድ እጅ ሊጨርሱት መሞከራቸው ነው። ቆሞ፣ መስኮት ፊት ለፊት፣ ግልጽ ግድግዳ ከጀርባ አድርጎ መጀመር አለበት። ቅኝቱ ደጋግሞ ከከሸፈ የማያ ገጹን ድምቀት ወደ ላይ ያድርጉ፣ ከኃይለኛ ፀሐይም ይራቁ፤ አንዳንዶቹ መተግበሪያዎች ከማያ ገጹ የሚወጣ ቀለም ፊት ላይ ሲያርፍ ነው የሚያነቡት። ቺፑ አልነበብ ሲል የስልኩን ሽፋን አውልቀው የስልኩን የላይኛ ጫፍ ፓስፖርቱ ላይ ቀስ እያደረጉ ያንቀሳቅሱ፤ አንዴ መንበብ ከጀመረ እስኪጨርስ አያነቃንቁት። ቺፑ በአንዳንድ ፓስፖርት የኋላ ሽፋኑ ውስጥ፣ በሌላው ደግሞ የፎቶው ገጽ ውስጥ ነው ያለው።

ፎቶ ቤት ሦስተኛ የወጣው በመሣሪያ አይደለም። ብርሃኑና ርቀቱ እንዲያውም ከቤት ይሻላል። የሚያበላሸው ልማዱ ነው፤ አንሺው ደንበኛውን ለማስደሰት ቆዳ ያለሰልሳል፣ ጠባሳ ያጠፋል፣ ፊት ያቀላል። ለግድግዳ ለሚሰቀል ፎቶ ይህ ሙያ ነው፤ ለድንበር ፍተሻ ግን የሰውየውን መለያ ማጥፋት ነው። ስለዚህ ከመነሳት በፊት «ምንም አታስተካክልበት» ማለት፣ የየትኛው አገር መጠን እንደሚፈለግ መናገር፣ የታተመውን ሳይሆን ዋናውን ፋይል መጠየቅ ያስፈልጋል። የታተመን ጉርድ ፎቶ መልሶ በስልክ ማንሳት ወይም ስካን ማድረግ የወረቀቱን ነጸብራቅና የሕትመቱን ነጠብጣብ ይዞ ይመጣል። ፋይሉ በቴሌግራም ወይም በዋትስአፕ ከተላከ እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ይላክ፤ እንደ ፎቶ ሲላክ መተግበሪያው ያሳንሰዋል፣ ጥራቱንም ይቀንሳል።

ፎቶው በኦንላይን ቅጽ ላይ የሚጫን ከሆነ ቀጣዩ እንቅፋት ፋይሉ ራሱ ነው። አንድ መጠን ለሁሉም አገር አይሠራም። የአሜሪካ ቪዛ ፎቶ አራት ማዕዘኑ እኩል ሆኖ ከ600 በ600 እስከ 1200 በ1200 ፒክስል፣ ከ240 ኪሎባይት ያልበለጠ መሆን አለበት፤ ጭንቅላቱም ፀጉርን ጨምሮ ከአገጭ እስከ አናት ከምስሉ ቁመት ከ50 እስከ 69 በመቶ ይይዛል። ፀጉሩ የሚቆጠር መሆኑን ልብ ይሏል፤ ፀጉረ ትልቅ ሰው ፊቱ በጣም ቀርቦ ከተቆረጠ ከልኩ ያልፋል። የህንድ ኢ-ቪዛም እኩል ጎን ያለው ምስል ይፈልጋል፣ ከ10 ኪሎባይት እስከ 1 ሜጋባይት። የብሪታንያ ዲጂታል ፓስፖርት ፎቶ ግን ቁመቱ ከወርዱ ይበልጣል፤ ቢያንስ 600 ፒክስል ወርድ፣ 750 ፒክስል ቁመት፣ ከ50 ኪሎባይት እስከ 10 ሜጋባይት፤ ትከሻና ደረትም እንዲታይ ስለሚፈልግ አስቀድሞ ባይቆረጥ ይመረጣል። ለዚህ ሲባል ሲነሳ ከጭንቅላት በላይና ከትከሻ ጎን ሰፋ ያለ ቦታ ይተው። ሰፊው ፎቶ ለሁሉም ይቆረጣል፤ የጠበበውን ግን ማስፋት አይቻልም።

240 ኪሎባይት ላይ ለማድረስ ቅደም ተከተሉ ወሳኝ ነው። መጀመሪያ ይቆርጡ፣ ቀጥሎ ፒክስሉን ወደ 1000 በ1000 አካባቢ ያውርዱ፣ ከዚያም አሁንም ከበዛ ብቻ የጄፔጉን (የተለመደውን የፎቶ ፋይል ዓይነት) ጥራት በትንሹ ይቀንሱ። ጥራቱን መጀመሪያ ከቀነሱ ፊቱ ላይ የካሬ ካሬ ንድፍ ይወጣል። በአይፎን የተነሳ ፎቶ ሃይክ በሚባለው የፋይል ቅርጽ ሊቀመጥ ይችላል፤ ብዙ ቅጾች አይቀበሉትም። የፋይሉን ስም ጨርሶ «ጄፔግ» ብሎ መቀየር ቅርጹን አይለውጠውም፤ ከመነሳት በፊት በቅንብር፣ በካሜራ፣ በቅርጾች ውስጥ ገብቶ በሁሉም ቦታ የሚሠራውን አማራጭ መምረጥ ነው። ስክሪንሾት ማንሳት አቋራጭ ቢመስልም ብዙ ጊዜ ፒኤንጂ በሚባል ሌላ የፋይል ቅርጽ ነው የሚቀመጠው፣ መጠኑም በማያ ገጹ ልክ ይወሰናል። ቅጹ ላይ ፎቶው ተጋድሞ ከታየ ደግሞ በስልኩ ማስተካከያ አንዴ አዙረው፣ መልሰው አቅንተው አዲስ ቅጂ ያስቀምጡ፤ ስልኩ አቅጣጫውን በምስሉ ላይ ሳይሆን በተደበቀ መረጃ ስለሚጽፍ ነው እንዲህ የሚሆነው።

ብዙዎቹ ማመልከቻዎች የፓስፖርቱን ገጽ ምስልም ይጠይቃሉ። ፓስፖርቱን ጠቆር ባለ ጠረጴዛ ላይ ዘርግተው፣ ያለ ፍላሽ፣ ከላይ ቀጥ አድርገው ያንሱ። ከታች ያሉት እያንዳንዳቸው 44 ፊደልና ምልክት የያዙ ሁለት መስመሮች ከዳር እስከ ዳር መታየት አለባቸው፤ ገጹን የያዘው ጣት ብዙ ጊዜ የሚሸፍነው የመጨረሻዎቹን ነው። የገጹ ላስቲክ ካንጸባረቀ ስልኩን ከማዘንበል ይልቅ ጠረጴዛውን ከመስኮቱ ማራቅ ይሻላል።

አንድ ማስጠንቀቂያ እዚህ ይግባ። ካናዳ ለኢቲኤዋ 7 የካናዳ ዶላር ብቻ ነው የምትጠይቀው፣ የፊት ፎቶም አትፈልግም። «ለካናዳ ኢቲኤ ፎቶዎን ይጫኑ» የሚል ገጽ ላይ የደረሰ ሰው ያለው በመንግሥቱ ድረ ገጽ ላይ አይደለም፤ ይዝጋው። ለሌሎቹም አገሮች የመንግሥቱን አድራሻ አረጋግጦ መጀመር ፎቶን ለማያውቁት ሰው ከመስጠት ያድናል።

ሕፃናት የራሳቸው ዘዴ አላቸው። መቀመጥ ያልቻለ ሕፃን ነጭ አንሶላ ላይ ተኝቶ ከላይ ይነሳል፤ አንሺው በእግሮቹ በኩል ሳይሆን በጎኑ ቆሞ፣ የራሱ ጥላ ሕፃኑ ላይ እንዳያርፍ ይጠንቀቅ። ጡጦ፣ መጫወቻና የእናት እጅ በምስሉ ውስጥ አይገቡም። በብሪታንያ የፓስፖርት ፎቶ ሕግ ዕድሜው ከአንድ ዓመት በታች የሆነ ሕፃን ዓይኑን ባይገልጥም ይቀበላሉ፣ ከስድስት ዓመት በታች ያለ ልጅም ወደ ካሜራው ባያይ ወይም ቢስቅ ችግር የለውም። ለሕፃን ብዙ ፎቶ በተከታታይ የሚያነሳውን የካሜራ ስልት ተጠቅሞ ከመካከሉ መምረጥ ይቀላል።

ፎቶው ተመልሶ ከመጣ ያንኑ ፋይል እያስተካከሉ ደጋግሞ መጫን አያዋጣም። የተሰጠውን ምክንያት አንብበው ከምንጩ ያርሙት፦ «ጥላ» ካለ ከግድግዳው ይራቁ፣ «ደብዛዛ» ካለ ስልኩን በአንድ ነገር ላይ ያስደግፉ፣ «ጀርባው አይለይም» ካለ ልብሱን ወይም ግድግዳውን ይቀይሩ፣ «ፊቱ ትንሽ ነው» ካለ ሰፊውን ኦሪጅናል እንደገና ይቁረጡ። የብሪታንያው የፓስፖርት ቅጽ ማሽኑ ተሳስቷል ብሎ የሚያምን አመልካች ምክንያቱን ጽፎ ፎቶውን እንዲልክ ይፈቅዳል። እንዲህ ያለ አማራጭ በሚገኝበት ቅጽ ሁሉ፣ ፎቶው ከላይ እንደተባለው የተነሳ ከሆነ፣ ያለ ፍርሃት ይጠቀሙበት፤ ምክንያቱንም አጭርና ግልጽ አድርገው ይጻፉ፦ «አፌ ተዘግቷል፣ ዓይኔ ተገልጧል፣ ፎቶው አልተስተካከለም።»